ከግመል ደም የተገኘው መርማሪ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ ተዋሲያን ሲወሩን ሰውነታችን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ ያመርታል። አንቲቦዲ የሚፈልገውን ከብዙዎች መካከል ለይቶ ይይዛል፤ መያዙ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ በላቦራቶሪ ምርመራ፣ ቀለም የሚያወጣ ኢንዛይም በኬሚካል ይጣበቅበታል። ችግሩ ኬሚካሉ ቦታ አይመርጥም፤ አንዳንዴ አንቲቦዲው የሚይዝበትን ጫፍ ራሱን ይደፍናል።

የተሻለው መንገድ አንቲቦዲውንና ኢንዛይሙን ከጂናቸው ጀምሮ ማዋሐድ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የብራስልስ ተመራማሪዎች በግመል ደም ውስጥ ለዚህ የሚመች ቀለል ያለ አንቲቦዲ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። መያዣ ጫፉ ተለይቶ ብቻውን ይሠራል፤ ከተለመደው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ናኖቦዲ ይባላል።

የናኖቦዲው ጂን ከኢንዛይሙ ጂን ጋር በአጭር ማያያዣ ይቀጠልና ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል። ባክቴሪያው ሁለቱን እንደ አንድ ፕሮቲን ያመርታል። መጋጠሚያቸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው።

አሁን ከጣት ጫፍ የምታንስ የመመርመሪያ ጉድጓድ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ናሙናው ታችዋ ላይ ተጣብቋል። ውሑዱ ፕሮቲን ይጨመራል፤ ከዚያ ይታጠብና ቀለም የለሽ ፈሳሽ ይጨመራል። የሚፈለገው ነገር ካለ ናኖቦዲው አይለቅም፤ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለው ኢንዛይምም ፈሳሹን ቢጫ ያደርገዋል። ከሌለ ግን ፈሳሹ እንዳለ ይቀራል።

ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው፦ ጂኑ አንዴ ከተገኘ፣ ያንኑ መርማሪ ለማምረት ሌላ እንስሳ መከተብ አያስፈልግም።

(መዝጊያ ሙዚቃ)