«ሰት» እና «ረን»፦ ስለ ሁለት ተራ ቃላት ብዙ ትርጓሜ

(ለአስተርጓሚዎች፣ ለተርጓሚዎችና ለቋንቋ መምህራን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልናገርባቸው የመረጥኋቸው ሁለት ቃላት ማንኛውም የእንግሊዝኛ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማራቸው፣ ከዚያም ወዲያ «አውቃቸዋለሁ» ብሎ የሚተዋቸው ናቸው። አንደኛው «ሰት»፣ ሁለተኛው «ረን» ይባላሉ። የፊተኛውን በግእዙ «ሰ» የጻፍሁት ሆን ብዬ ነው፤ እንደ አነባበቡ በኃምስ ብጽፈው ኖሮ የዛሬው ንግግር ስለ ሔዋን ልጆች ነው ብሎ የሚመጣ አይታጣም ነበር።

ተርጓሚን የሚጥለው ከባዱ ቃል አይደለም። ከባዱን ቃል ስናይ እንፈራለን፤ ስለፈራንም መዝገበ ቃላት እንገልጣለን፣ ባለሙያ እንጠይቃለን። የሚጥለን ያልፈራነው ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሚፈሩ አይመስሉም፤ አንዱ «አስቀመጠ»፣ ሌላው «ሮጠ» ነው ተብለን ተምረናልና።

በኦክስፎርድ የሚዘጋጀው ታላቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው ክፍል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1884 ሲሆን ሥራው ተፈጸመ የተባለው በ1928 ነው። ዋና አዘጋጁ ጄምስ መሬይ ፍጻሜውን ሳያይ በ1915 ዐርፏል። «ሰት» የሚገኝበት ክፍል የደረሰው ለባልደረባው ለሄንሪ ብራድሊ ነበር። በ1989 በወጣው ሁለተኛው እትም ይህን አንድ ግሥ ለማብራራት 60,000 ያህል ቃላት አስፈልገዋል፤ ይህም አንድ መለስተኛ መጽሐፍ ይወጣዋል። ግሡ ያለ አጋዥ ለብቻው ሲቆም 430 ያህል ትርጓሜ ተቈጥሮለት ስለ ነበር የመዝገቡ ረጅሙ አንቀጽ እርሱ ነበረ። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ «ኤም» ከተባለው ፊደል ጀምረው ሥራውን ሲያድሱ በ2000 «ሜክ» የተባለው ግሥ በለጠው፤ በ2007 «ፑት» ተከተለ፤ በ2011 ደግሞ «ረን» በ645 ትርጓሜ ሁሉንም ቀደመ። ለዚህ ለአንዱ ግሥ ብቻ ፒተር ጊሊቨር የተባሉት አዘጋጅ ዘጠኝ ወር ያህል ደክመውበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። ሁለቱ ቃላት የተመዘኑት በአንድ ሚዛን አይደለም፤ «ረን» በአዲሱ ቈጠራ ሲለካ «ሰት» በዚያን ጊዜ ገና በአሮጌው ቈጠራ ላይ ነበር። ስለዚህ ማን ማንን በለጠ የሚለውን ለጋዜጠኞች እንተወው። ይልቅ የሚያስገርመው የቃላቱ ጠባይ ነው። «ሰት» አንድን ነገር ከቦታው አድርሶ ማጽናት ነው፤ «ረን» ደግሞ የጀመረውን ሳያቋርጥ መቀጠል ነው። ባቡርና ፋብሪካ፣ በኋላም ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ ሳያቋርጥ የሚሠራው ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ «የሚሮጥ» ሆነ። የ«ረን» ትርጓሜ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው የመኪናው ዘመን ነው።

የትርጓሜውን ብዛት በጥቂቱ ለማሳየት ያህል፤ እንግሊዛዊ አፍንጫዬ «ሮጠ» ቢል ንፍጡ ወረደ ማለቱ ነው። የታጠበ ጨርቅ ቀለም «ሲሮጥ» በእኛ ለቀቀ ይባላል። አውቶቡሱ በየሰዓቱ «ይሮጣል» ቢሉ ይመላለሳል፣ ውሉ አምስት ዓመት «ይሮጣል» ቢሉ ይጸናል፣ መንገዱ እስከ ወንዙ «ይሮጣል» ቢሉ ይዘልቃል ማለት ነው። ለምርጫ የሚቀርብ ሰው በአሜሪካ «ይሮጣል»፤ በእንግሊዝ አገር ግን ለዚያው ለምርጫ «ይቆማል»። አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሥራ፣ አንዱ ሯጭ፣ ሌላው ቋሚ! እኛ ዘንድ ሁለቱም ይወዳደራሉ።

ወደ «ሰት» ስንመጣ ሌላ ነገር እናያለን። በእንግሊዝኛው በዚህ በአንዱ ግሥ የሚነገረው ሁሉ በአማርኛ ለየሙያው የተከፋፈለ ነው። እርጎ ይረጋል፤ ይህ የባልትና ቃል ነው። ሲሚንቶ ይይዛል፤ ይህ የግንበኛ ቃል ነው። ወጥመድ ይጠመዳል፣ ዋጋ ይቈረጣል፣ የደወል ሰዓት ይሞላል፣ ማዕድ ይሰናዳል፣ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ወጌሻ የወለቀውን አጥንት ወደ ቦታው ይመልሳል። በእርሳስ ፊደል በሚታተምበት ዘመን በየማተሚያ ቤቱ ፊደል የሚለቅሙ ሠራተኞች ነበሩ፤ እንግሊዙ የእነርሱንም ሥራ «ሰት» ይለዋል። እንግዲህ ተርጓሚው ቃሉን ከጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሊያገኘው አይችልም። ወደ ግንበኛው፣ ወደ ወጌሻው፣ ወደ ጓዳው መሄድ አለበት። «ሲሚንቶው እስኪቀመጥ ድረስ ጠብቁ» ብሎ የጻፈ ሰው አማርኛ አላጠፋም፤ ግንበኛው ግን ሲሚንቶው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቀዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰዋስው ጥቂት እንግባ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነውና። «ሰት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ የ«ሲት» አስደራጊ ነበር፤ ማለትም በእኛ «ተቀመጠ» እና «አስቀመጠ» እንደምንለው ነው። «ረን» ደግሞ በጥንት ጊዜ ሁለት ግሦች ነበሩ፤ አንዱ ራሱ የሚሮጥ፣ ሌላው ሌላውን የሚያስሮጥ። በዘመን ብዛት ቅርጻቸው ተዋሕዶ አንድ ቃል ሆኑ። ስለዚህ እንግሊዛዊው ራሱ ሲሮጥም፣ ሱቅ ሲያስተዳድርም፣ ማሽን ሲያንቀሳቅስም ያው «ረን» ነው። እኛ ግን አድራጊውንና አስደራጊውን በ«አ» እና በ«አስ» ለይተን እናሳያለን፤ ሮጠ፣ አስሮጠ፣ ተሯሯጠ፣ አሯሯጠ እያልን በአንድ ሥር አራት ግሥ እናወጣለን። እንግሊዙ ለዚህ ሥራ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ዳውን» የሚሉትን ትናንሽ ቃላት ከግሡ ኋላ ያስከትላል። እንደ እኔ አስተያየት የ430 እና የ645 ቍጥር የሚያሳየው የአንዱን ቋንቋ ሀብትና የሌላውን ድህነት አይደለም፤ ሸክሙ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደ ተጫነ ነው እንጂ።

ከዚህም በላይ ቈጣሪው ራሱ ቍጥሩን ይወስናል። «ሰት» ስም ሆኖ የሰዎችን ወይም የዕቃን ስብስብ ሲያመለክት ከፊሉ የመጣው ከዚሁ ግሥ አይደለም፤ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ሴክታ» ማለትም ተከታይ ወገን ከሚለው ቃል ነው። ሁለት ባዕዳን ቃላት በአንድ ቤት ተገናኝተው እንደ ወንድማማች ይኖራሉ። የሒሳብ መምህሮቻችን ይህን «ስብስብ» ብለው መተርጐማቸው ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ከ«አስቀመጠ» ጋር ሊያዛምዱት ቢሞክሩ ኖሮ ከንቱ ድካም ይሆን ነበር።

ደግሞም አማርኛ በዚህ በኩል የሚያፍር ቋንቋ አይደለም። «ያዘ» የሚለውን ብቻ ተመልከቱ። ሌባ ያዘ፣ ጕንፋን ያዘው፣ ዝናብ ያዘን፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ችግኙ ያዘ፣ ጠርሙሱ አንድ ሊትር ይይዛል እንላለን። «በላ» እንዲሁ ነው፤ ዝገት ብረት ይበላል፣ ዳኛ ጉቦ ይበላል፣ ሥራው ጊዜ ይበላል፣ አደራ የተሰጠው ሰው አደራውን ይበላል። «መታ» ደግሞ ከበሮም፣ ማኅተምም፣ ታይፕም፣ መብረቅም፣ ምችም አለበት። እነዚህን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዘጠኝ ወር ቢቈጥራቸው የሚያገኘው አኃዝ የሚያሳፍረን አይመስለኝም።

አንድ ያስደሰተኝን ነገር ላንሣ። የ«ረን» የአማርኛ አቻ «ሮጠ» ነው ብለን ብንማርም፣ ሥራችንን በሚገባ ስንሠራ የምንጠራው «ሄደ»ን ነው። የሥራ ማስኬጃ በጀት እንላለን፤ ስብሰባ አካሄደ እንላለን፤ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ሥራው ይሄዳል እንላለን። እንግሊዙ ስብሰባውን ያስሮጣል፤ እኛ ስናካሂደው ለብዙ ጊዜ ይቆያል። (ይህን የምለው የዛሬውን ጉባኤ መርሐ ግብር አይቼ አይደለም።)

እስካሁን ያልሁት ለጨዋታ ያህል ሊመስል ይችላል። ይሁንና በመካከላችን በፍርድ ቤትና በሐኪም ቤት የሚያስተረጕሙ አሉ፤ በአገር ውስጥም፣ በአሜሪካና በአውሮጳ በሚኖሩት ወገኖቻችንም መካከል። ለእነርሱ ነገሩ ጨዋታ አይደለም። «ሰት አሳይድ» የሚለውን ሐረግ እንመልከት። ስለ ገንዘብ ሲነገር ለክፉ ቀን ለይቶ ማስቀመጥ ማለት ነው። ስለ ፍርድ ሲነገር ግን መሻር፣ ማንሣት፣ ውድቅ ማድረግ ነው፤ በእኛም ችሎት በሌለበት የተፈረደበት ሰው «ውሳኔው ይነሣልኝ» ብሎ የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። አስተርጓሚው «ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ለይቶ አስቀመጠው» ቢል፣ ባለጕዳዩ የሚሰማው ተቃራኒውን ነው። የተሻረለት ፍርድ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ የሚጠብቀው መስሎት ከችሎቱ አዝኖ ይወጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የባሰ ነው። ለሕመምተኛ የተሰቀለው ግሉኮስ በስምንት ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲያልቅ ሐኪሙ ሲያዝዝ «ረን ኦቨር» ይላል። ይኸው ሐረግ መኪና ሰውን ሲድጥም፣ ንግግር ከተመደበለት ጊዜ ሲያልፍም፣ ዝርዝርን በችኮላ ስንመለከትም ያገለግላል። አስተርጓሚው እነዚህን ሁሉ አልፎ ትክክለኛውን መረጠ እንበል፤ ከዚያም «በ8 ሰዓት ይለቅ» ብሎ ተናገረ። አማርኛው ጥሩ ነው። ዳሩ ግን ሰሚው በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማለቱ ነው ብሎ ይረዳዋል። ግሉኮሱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰቅሎ ከሆነ፣ በስምንት ሰዓት ጊዜ ማለቅ የነበረበት በአምስት ሰዓት ጊዜ እንዲያልቅ ተደረገ ማለት ነው። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ቀስ ብሎ ይፍሰስ፤ የሚያልቀው 11 ሰዓት ላይ ነው» ቢል ግን ማንም አይሳሳትም። ቃላቱ በዝተዋል፤ ይብዙ።

«ረን ዳውን»ም እንዲሁ ወጥመድ ነው። ሕመምተኛው ሲናገረው ዝያለሁ፣ አቅም አጣሁ ማለቱ ነው፤ ባትሪ ሲሆን አለቀ፣ ሰውን ሲሆን አማ ወይም በመኪና ገጨ ይሆናል። «አንድ መርማሪ ምስክሩን ረን ዳውን አደረገው» ቢባል ፈልጎ አገኘው ነው ወይስ ገጨው? ዐረፍተ ነገሩ ለብቻው አይፈታውም፤ በፊቱ ያለውን ማንበብ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መታተማቸውን ታስታውሱ ይሆናል። አንደኛው የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቮልፍ ሌስላው ነው። ሌስላው መጽሐፋቸውን የዐውድ መዝገበ ቃላት ብለውታል፤ ቃሉን ለብቻው ከመፍታት ይልቅ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ያሳያሉና። ለተማሪ ፈጥኖ የሚረዳው የፊተኛው ዓይነት ነው፤ ለእንደነዚህ ላሉ ቃላት ግን የኋለኛውን መንገድ እመርጣለሁ። በክፍልም ቢሆን «ሰት ማለት ምን ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቢቀር ደስ ይለኛል። «ሰት የተደረገው ምንድር ነው? ያደረገውስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ተማሪው «እርጎ» ሲል «ረጋ» ራሱ ይመጣል።

ለውይይት የምተወው አንድ ነገር አለ። ዛሬ በእጅ ስልኮቻችን ላይ የ«ሰት» ዘር የሆነው ቃል «ቅንብር» ተብሎ፣ «ረን» ደግሞ ከ«ሄደ» ወጥቶ «ማሄድ» ተብሎ ተተርጕሟል። «ቅንብር» ለዜማና ለድርሰት የለመድነው ቃል በመሆኑ ብዙ ሰው የስልኩን ማስተካከያ ሲፈልግ ያልፈዋል። ማለፉን ራሴ ደጋግሜ አይቻለሁ። «ማሄድ» ግን ከሥራ ማስኬጃና ከስብሰባ ማካሄድ ጋር ስለሚዛመድ ጆሮዬ ተቀብሎታል፤ «ማስኬድ» ቢባል ይሻል ነበር የሚሉም አሉ። ከእናንተ መካከል በዚህ ሥራ የተካፈላችሁ ስላላችሁ፣ «ቅንብር»ን የመረጣችሁበትን ምክንያት ብትነግሩን ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ ለእናንተ እለቃለሁ።