የኢንተርኔትም ሚዛን አለው

 

ቅዳሜ በላሊበላ ገበያ አንድ ጤፍ ሻጭ «እስከ አንድ ቁና እሰፍርልሃለሁ» ብሎ የሙሉ ቁና ዋጋ ቢቀበልና ግማሹን ቢሰጥ ዝም እንላለንን? የኢንተርኔት ማስታወቂያ «እስከ 10 ሜጋ ቢት በሰከንድ» ሲለን ግን ሙሉ ሒሳብ ከፍለን የደረሰንን አንለካም። «እስከ» ከፍተኛውን ይነግረናል፤ ትንሹ ስንት እንደሆነ ግን አይነግረንም።

መስመሩን ብዙ ሰው ሲጋራው ፍጥነቱ ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ፣ ገመድ ሲበጠስም ዑዝር ነው። ይሁን እንጂ እንደሚቀንስ የሚያውቅ ሻጭ አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸው የነቀፉት ዝናቡን ሳይሆን እርጥቡን ከሥር መደበቁን ነበር።

ስለዚህ ኩባንያዎች ዝቅተኛውን ፍጥነት በውሉ ላይ ይጻፉ፤ ከዚያ ሲያንስ ሒሳብ ይመልሱ። በ2011 ዓ.ል በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ይህን ያስፈጽም። እኛም ፍጥነቱን እየለካን፣ ቀንና ሰዓቱን መዝግበን በጨዋነት እናመልክት።

ሱረቱል ሙጠፊፊን የምታስጠነቅቀው ሲቀበሉ አስሞልተው፣ ሲሰጡ የሚያጎድሉትን ነው። ማስጠንቀቂያው ኬብል ለዘረጋውም፣ ሱቅ ለከፈትነው ለእኛም ነው።