ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ለምን ተከለከለ?
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከባለአደራዎች ቦርድ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ዓመት ከመካከላችን አንዲት እህት ባሏ ሞቶባት አስከሬኑን አገር ቤት የምትልክበት ስታጣ፣ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠየቃችሁን፦ «ለልጆች የቅዳሜ ትምህርት የተሰጠው ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ የለም ወይ? ለሁለት ሳምንት ብንበደረው ምን አለበት?» እኛ አይሆንም አልን። በየቤቱ ዞረን በመዋጮ ሞላን፣ አስከሬኑም ሄደ። ቅሬታው ግን እስካሁን አልበረደም። ዛሬ ሦስት አዳዲስ ባለአደራዎች ስለምትመርጡ፣ ያን ቀን ለምን እንደከለከልን መናገር ይገባናል።

በእንግሊዝ አገር ሕግ ትረስት የሚባለውን አደራ ብንለው ብዙ አንስትም። ንብረቱ በባለአደራው እጅ ነው፣ ጥቅሙ ግን የሌላ ነው። እኛ አገር «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። እዚህ ግን ፍርድ ቤቱም የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑም ቅርብ ናቸው።

ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ የቆየ ፍርድ አለ። አንዳንዶቻችሁ የምትገበዩበት የሮምፎርድ ገበያ ጉዳይ ነው። የገበያው ገቢ የኪራይ መብት ለአንድ ሕፃን በአደራ ተይዞ ነበር። የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ ባለአደራው ለልጁ እንዲታደስለት ጠየቀ፤ አከራዩ ከሕፃን ጋር አልዋዋልም አለ። ባለአደራው ታዲያ «ለልጁ ካልሆነ ለራሴ» ብሎ ተዋዋለ። ማንን ጎዳ? ልጁ እንደሆነ መብቱን አያገኘውም ነበር። ሎርድ ቻንስለር ኪንግ በ1726 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የኪራይ መብቱም ትርፉም ለልጁ እንዲመለስ ፈረዱ። ሰውየው አጭበርብሯል አላሉም። ባለአደራ ማሳደስ ያልቻለውን ለራሱ እንዲወስድ ከተፈቀደለት፣ ለባለመብቱ የሚታደስ ኪራይ ጥቂት ይሆናል ብለው ነው። ለዚያ ሰው ትንሽ ያሳዝናል፤ ፍርዱ ግን ትክክል ይመስለናል።

እኛም ያን ገንዘብ ብንበደር አደራ በላ አንባልም ነበር፤ ለሐዘን ነዋ። ሆኖም ለተወሰነ ዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለዚያ ዓላማ ብቻ ይውላል። ለሌላ በጎ ነገር ማዋልም አደራ ማፍረስ ነው፣ ባለአደራዎቹም ከኪሳቸው እንዲተኩ ሊጠየቁ ይችላሉ። እውነት ነው፣ በቅንነትና በአግባቡ የሠራ ባለአደራ ቢሳሳት ኮሚሽኑ ወይም ፍርድ ቤቱ ከተጠያቂነት ሊያነሳው ይችላል። እያወቁ ገብቶ ግን ያን ተስፋ ማድረግ አያዋጣም። ደግሞስ ሁለት ሳምንቱ ወር ቢሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው ለሚመጡት ልጆች ምን እንላቸው ነበር?

ለተመራጮች ሌላው ከባድ ነገር ኃላፊነቱ የጋራ መሆኑ ነው። «ሒሳቡን የምታውቀው ገንዘብ ያዥዋ ናት» ብሎ ማምለጥ የለም። ገንዘብ ያዥዋ ለሁላችንም ትሠራለች እንጂ ሁላችንን አትተካም። ስለዚህ ሒሳብ ሲቀርብ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ብትደጋግሙትም አናፍርባችሁም። ባዶ ቼክ ላይ አትፈርሙ። አዳራሽ የሚያከራየን ወንድማችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ውሳኔው ሲሰጥ ውጡ። የሒሳብ መዝገብ ቢያንስ 6 ዓመት ይቀመጣል፤ ደረሰኝ በቦርሳ ይዞ መዞር ይቅር።

ባለአደራነት ደሞዝ የለውም። ሕጉ፣ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ኮሚሽኑ ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ከማኅበሩ ጥቅም ማግኘት አይቻልም። የአውቶቡስ ወጪና ስብሰባ ላይ ሳላችሁ ልጅ ለምትጠብቅ የሚከፈል ገንዘብ ግን በደረሰኝ ይመለሳል። ይህን የምንናገረው ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ እህቶች ከምርጫው እንዳትሸሹ ነው።

ለሐዘን ጊዜ ራሱን የቻለ ሒሳብ እንዲከፈት ሐሳብ አቅርበናል፤ መዋጮው ከመጀመሪያው ለዚያው ተብሎ ይሰበሰባል። ከሻይ በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ። የመተዳደሪያ ደንቡና ያለፈው ዓመት ሒሳብ በር ላይ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ለመመረጥ የምታስቡ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ።