ልክን ማወቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



 የንግግራችን ርእስ መለካት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ ነገር ተሳስተን፥ ከስሕተታችንም ተምረናል፤ የተማርነውን ለታናናሾቻችን ሳንነግር መሄድ አልወደድንም።

በዓመቱ መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ውኃ አፍልተን ሙቀቱን እንድንለካ ታዘዝን። በአራት ቡድን ተከፍለን አንዱን ቴርሞሜትር እየተቀባበልን ለካን። ውኃው እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ ከ93 ዲግሪ አላልፍ አለ። እሳቱን ብንጨምርም ያው 93 ነው። መጽሐፋችን ግን ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ታዲያ ምን አደረግን? አራቱም ቡድኖች ሳንማከር በደብተራችን 100 ብለን ጻፍን። ዓይናችን ያየውን ትተን ሌላ ሰው ያየውን ጻፍን ማለት ነው።

መምህራችን ደብተሮቹን ተመልክተው አልተቆጡም። «ልጆች፥ ውኃው ስንት ላይ ፈላ? መጽሐፉን አልጠየቅሁም፤ እናንተን ነው የጠየቅሁት» አሉን። ሁላችንም አቀረቀርን።

መጽሐፉም አልዋሸም። 100 ዲግሪ የሚለው በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። እኛ የምንማረው በየካ፥ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር እያነሰ፥ በውኃውም ላይ የሚጫነው ክብደት እየቀለለ ስለሚሄድ ውኃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2,400ን ለ300 ብናካፍል 8 ነው፤ ከ100 ላይ 8 ሲነሣ 92 ይቀራል። ባቄላና ሽምብራ በቆላ ፈጥኖ በደጋ ዘግይቶ መብሰሉም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን እናቶቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል።

እኛ ያየነው ግን 93 ነበር። አንዷ ዲግሪ ከየት መጣች? መምህራችን በረዶ አስደቅቀው በውኃ ውስጥ አስጨመሩና ቴርሞሜትሩን እንድንነክርበት አዘዙን። በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0 ማሳየት ሲገባው 1 አሳየ። ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ አንድ ዲግሪ ያስበልጥ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ለይተን አወቅን። አንደኛው ተቀራራቢነት ነው፤ ደጋግመን ስንለካ መልሱ አንድ ዓይነት ሲሆን ማለት ነው። ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ መልሱ ከእውነተኛው ልክ ጋር ሲገጥም ማለት ነው። አራቱ ቡድኖች 93 በማየት ተስማምተን ነበር፤ ስምምነታችን ግን እውነት አላደረገውም። ወደ ሾላ ገበያ ሄዳችሁ እህል ብትገዙና የሻጩ ቁና ጎኑ የተጨፈለቀ ቢሆን፥ ለመጣው ሁሉ እኩል ይሰፍራል፤ ለመጣው ሁሉ ግን አጉድሎ ይሰፍራል። ገዢዎቹ እርስ በርሳቸው ቢተያዩ ጉድለቱን አያውቁትም። የሚያውቁት ቁናውን ከደኅና ቁና ጋር ሲያመሳክሩት ነው።

ከዚህ በኋላ ቴርሞሜትሩን፥ ትንሽ ቡታጋዝና ማንቆርቆሪያ ይዘን እንጦጦን ወጣን። ከባሕር ዛፉ በላይ፥ ነፋሱን በጋቢ ከልለን ውኃ አፈላን። ቴርሞሜትሩ 91 ላይ ቆመ። ከትምህርት ቤታችን 93 ጋር ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ነው፤ ይህም 600 ሜትር ያህል ነው። ቴርሞሜትሩ በሁለቱም ቦታ በአንድ ዲግሪ ስላስበለጠ ልዩነቱን አላበላሸውም። በ100 ጸንተን ቀርተን ቢሆን ኖሮ ግን ልዩነቱ 9 ዲግሪ፥ ከፍታውም 2,700 ሜትር ይሆን ነበር። እንጦጦን ከራስ ዳሸን በላይ ልናደርገው ነበር!

ነገር ግን «ልኩ 600 ሜትር ነው» ብለን ብንፎክር ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። በቴርሞሜትሩ መሥመሮች መካከል ግማሽ ዲግሪ ብንሳሳት 150 ሜትር እንሳሳታለን። ስለዚህ በደብተራችን «ከ450 እስከ 750 ሜትር መካከል» ብለን ጻፍን። በኋላ በካርታ ስናመሳክር 650 ያህል ሆኖ አገኘነው። የምናውቀውን ያህል ብቻ መናገር ልክን ማወቅ ነው።

ይህ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1838 እስከ 1848 በአገራችን ሲዘዋወር፥ የቦታዎችን ከፍታ ከለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የውኃ መፍላት ነበር። ዛሬም በዚያው በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል።

ከእኛ መካከል ነርስ፥ መሐንዲስ፥ ነጋዴ፥ መምህር የሚሆን ይኖራል። ለሕፃን መድኃኒት የሚሰፍር ሰው ያየውን ትቶ የጠበቀውን ቢጽፍ ጉዳቱ በደብተር ላይ አይቀርም። ስለዚህ ታናናሾቻችን ሆይ፥ መልሳችሁ ከመጽሐፉ ሲለይ አትደንግጡ፤ አትሰርዙትም። መሣሪያውን መርምሩ፤ ቦታውን አስቡ፤ ደግማችሁ ለኩ።

እኛ 100 የሚለውን አልፋቅነውም። በአንድ መሥመር ሰርዘን ከሥሩ 93 ጻፍን፤ ከእርሱም ሥር 92 ብለን ምክንያቱን ጻፍን። ቴርሞሜትሩንም ለሚቀጥለው ክፍል ትተንላችኋል። በማኅደሩ ላይ በለጠፍነው ወረቀት «ከምታነቡት ላይ 1 ቀንሱ» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። እኛንም አትመኑን፤ በበረዶ ፈትናችሁ እዩት።