መጽሐፍ ለተቸገረ ልጅ መጠለያ ነው

(መሪ ላይ ለጀመዓው ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ኮሚቴው ስለ ልጆች ትምህርት ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ ምክር አዘጋጅቼ ነበር። በኋላ ግን ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥፋቴን መናገር እንደሚገባኝ ተሰማኝ።

ባለፈው ዓመት በዐስርና በመግሪብ መካከል አንድ 12 ዓመት የሚሆነው ልጅ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ሲያነብ አገኘሁት። ጠጋ ብዬ ባየው የያዘው ኪታብ ሳይሆን ልብ ወለድ ነው። «አንተ ልጅ፣ ይህ የሰላት ቦታ ነው፤ ይህን ቤትህ ሄደህ አንብብ» አልኩት። አንድ ቃል ሳይመልስ መጽሐፉን ከሹራቡ ሥር ከቶ ወጣ። ከሳምንት በኋላ እናቱ መጥታ ነገሩን አጫወተችኝ። ስድስት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ አባትየው የአልጋ ቁራኛ ነው። ልጁ ወደ መስጂድ ይዞ የሚመጣው ጸጥታና መብራት ፍለጋ ነው። «ሼኽ፣ ሂድ ያሉት እኮ ወደ ሸሸው ቤት ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እኔም እንደዚያ ልጅ ነበርኩና።

አባቴ የሞተው ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ከየካ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ሾላ ገበያ እየሸጠች ታሳድገን ነበር። ጉልበቷ ሲደክም እኔን ለአንድ ዘመድ ሰጠችኝ። ሰውየው እጅግ ቁጡ ነበር። ማታ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ሆዴ ይታወክ ነበር። ዛሬ በሕይወት የለም፤ አላህ ይማረው።

መጠጊያ ያገኘሁት በመድረሳ ነው። ኡስታዛችን ልጆቹን ካሰናበቱ በኋላ ለእኔ ሲሉ በሩን ሳይዘጉ ይቆዩ ነበር። አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነበራቸው፤ ውስጡ ጥራዛቸው የላላ ኪታቦች ሞልተውበታል። «ያልገባህንም ቢሆን ገልጠህ እየው፤ አንድ ቀን ይገባሃል» ይሉኝ ነበር። ከኩራዙ አጠገብ ተጠግቼ ፊደሉን በጣቴ ስከተል የቤቱን ነገር ሁሉ እረሳለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተዋስኩ። በዛብህ በልጅነቱ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ ለትምህርት ከቤቱ የራቀ ነው። እኔ የመድረሳ ልጅ፣ እሱ የቤተ ክህነት ተማሪ፤ ነገር ግን ብቸኝነቱን አወቅሁት። እንደኔ ያለ ሌላ ልጅ በዓለም ላይ መኖሩን የነገረኝ ያ መጽሐፍ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ነገር በእኔ የተጀመረ አይደለም። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ በ150 ዓመተ ሒጅራ ጋዛ ተወለዱ፤ አባታቸውን በሕፃንነታቸው አጥተው እናታቸው ወደ መካ ወሰዷቸው። ለመምህሩ የሚከፈል ስላልነበረ መምህሩ በሌለ ጊዜ ልጆቹን እየጠበቁ በነፃ ይማሩ እንደነበር ይተረካል። ወረቀት መግዣ ስላጡም በአጥንት ላይ ይጽፉ፣ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት የተጻፈበት ወረቀት እየለመኑ በጀርባው ይጠቀሙ ነበር። ልብ በሉ፤ ያ መምህር ክፍያ የለህም ብሎ በሩን ቢዘጋ ኖሮ ምን ያህል ዕውቀት ይቀርብን ነበር?

ከቅርባችንም ምሳሌ አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የነገሌ ቦረና ልጅ ናቸው። ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የሆነ የልብ ወለድ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው በ19 ዓመታቸው እንደነበር ተናግረዋል። በኋላም በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. እዚሁ ሾላ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። እናቴ እንጨት ትሸጥበት በነበረው ሰፈር ማለት ነው! በሐዋሳም በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍት ወደ ልጆች እንዲሄዱ አድርገዋል። እሳቸው በልጅነታቸው ያጡትን ነው ለሌላው የሰጡት።

ሆኖም አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። መጽሐፍ ከዱላ አላስጣለኝም። ከዱላ ያስጣሉኝ ኡስታዜ ናቸው፤ በክንዴ ላይ ያለውን ሰንበር አይተው፣ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ዘመዴ ቤት ሄዱ። ልጅ ጥግ ይዞ አብዝቶ ሲያነብ «ጎበዝ ነው» ብለን ብቻ አንለፍ። ከምን ሸሽቶ እንደሆነም እንጠይቅ። በሩ ክፍት ከሆነና ልጁ ከመጣ ግን ቢያንስ ፊቱን እናየዋለን፤ ካባረርነው አናየውም።

ስለዚህ ኮሚቴውን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ከውዱእ ማድረጊያው አጠገብ ያለው ክፍል ለሱቅ ይከራይ የሚል ሐሳብ መቅረቡን አውቃለሁ። ገንዘቡም እንደሚያስፈልገን አውቃለሁ፤ የውሃና የመብራት ሒሳቡን የማየው እኔ ነኝ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የመሪ ልጅ ለታክሲ ደርሶ መልስ ከየት ያመጣል? ክፍሉ ለአንድ ዓመት ብቻ ለልጆች ማንበቢያ ይሰጥና ይሞከር። የሚያስፈልገው መደርደሪያ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና አምፖል ነው። ከዐስር እስከ ዒሻ ይከፈት፤ ለሴቶች ልጆችም የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። ኪታቡም፣ የሒሳቡም፣ የታሪኩም መጽሐፍ ይግባ። ቅዳሜና እሑድ እኔው ራሴ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ በነቢያችን ላይ የወረደው ትእዛዝ የማንበብ ትእዛዝ መሆኑን እያስተማርን ማንበቢያ ብንነፍግ ምን መልስ ይኖረናል?

ያን ልጅ ፈልጌ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ምንም አይደለም፣ ሼኽ» አለኝ። ለሰላት ይመጣል፤ ሰግዶ ግን ቶሎ ይወጣል፤ መጽሐፍ ይዞ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ክፍሉ የተከፈተ ዕለት ቁልፉን ይዤ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጠራዋለሁ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ።

አላህ የየቲሞችን ልብ ይጠግን፤ የእኛንም ጥፋት ይማር።