ሆቴል ቤትና እንግዳው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና፣ ወልድያ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። ማንጎና ብርቱካን የሚበቅልባት ቆላማ ስፍራ ስለ ሆነች፣ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከአዲስ አበባ ጩኸት ርቄ ሁለት ቀን ላርፍባት ሄጄ ነበር።

የገባሁበት ሆቴል ቤት ኀላፊ (የቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም) ‹‹ውሃው አይጠፋም፤ ሰፈሩም ጸጥ ያለ ነው›› ብሎ የሁለቱን ሌሊት ኪራይ አስቀድሞ ተቀበለኝ። ቧንቧውን ብከፍተው አየር ብቻ ነፋ። ክፍሉም በአውራው ጐዳና ፊት ለፊት ስለ ነበረ፣ ወደ መቀሌ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ዓይኔን ሳያስከድኑኝ አነጉ። አጐበሩ ተቀዶ ነበር፤ ይህም ወባ ባለበት አገር በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን ቍርሱ ነው። ከአጥሩ ማዶ የማንጎው ዛፍ ፍሬ ከብዶት ጐንበስ ብሎ እያየሁት፣ ጭማቂ ብጠይቅ ከሩቅ አገር የመጣ የታሸገ ጭማቂ ቀረበልኝ። አስተናጋጇን ልጅ አልወቅሳትም፤ ገና ሳይነጋ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ መጥታ ‹‹ይቅርታ ጋሼ›› እያለች ያስታጠበችኝ እርሷ ናትና።

የውሃ እጥረት በብዙ ከተሞቻችን ያለ ነው። ኀላፊው ‹‹ቧንቧው ደርቋል፤ በባልዲ አቀርባለሁ›› ቢለኝ ኖሮ ቅር ሳይለኝ ባደርሁ ነበር። ሁለተኛውን ሌሊት ትቼለት ስወጣ ይህንኑ ነገርሁት።

‹‹እውነቱን ብነግርዎማ ወልድያ ሄደው ያድሩ ነበር›› አለኝ።

አልተሳሳተም፤ እሄድ ነበር።