የሻይ ቅጠልና የእንጦጦ ማገዶ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ሻይ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ሻይ ይጠጣል እንጂ ምን ይወራለታል?» ሳትሉ አትቀሩም። እኔም እናቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ ዳር ሻይ ባትሸጥ ኖሮ ነገሩን ባላሰብሁበት ነበር።

የእናቴ ሥራ የሚጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን እሳቱን የማቀጣጥለው እኔ ነኝ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ይያያዛል፤ ጭሱ ግን ዐይን ያቃጥላል። ጠዋት ዐይኔ ቀልቶ ስታዩ ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና ያደርሁ የመሰላችሁ መምህራን ካላችሁ ዛሬ እውነቱን ተናግሬአለሁ።

ቅጠሉን የሚያመጡልን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እኛ ቤት «እማማ» እንላቸዋለን። ከእንጦጦ ወገባቸውን አጉብጠው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ሸክም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ እንደሚበልጥ መዝነው ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። እማማ ሸክማቸውን ሲያወርዱ እናቴ አስቀድማ የምትሰጣቸው ገንዘቡን ሳይሆን አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው፤ ስኳሩንም ታበዛላቸዋለች። ያንን ሻይ ያፈላው ትናንት ራሳቸው ያመጡት ቅጠል ነው።

ይህች ከተማ በማገዶ ምክንያት ልትፈርስ ምንም ያህል አልቀራትም ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአካባቢው ያለው ዛፍ ተቆርጦ ስላለቀ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ ከተማዋን በቦታዋ አቆያት። ዛሬ ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጣል፣ በሥሩ ሣር አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን «ተራራውን አትንኩ» ማለት የሚቀለው ከተራራው እንጀራ ለማይበላ ሰው ነው። ሸክሙን ትተው ነጠላና የአንገት ልብስ በመሸመን የሚተዳደሩ የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር አቋቁመዋል፤ እንዲህ ያለ ሌላ ሥራ ሲገኝ ተራራውም ሴቲቱም ያርፋሉ።

አሁን ወደ ሻይ ነጋዴዎች ልመለስ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ይህ በሌላ ትምህርት ቤት ነበር፣ አንድ የምግብ ሸቀጥ የሚያከፋፍል ድርጅት ደብተር ሰጠን። ስጦታው መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ እስኪነሣ ድረስ ደብተሩን ደረታችን ላይ ይዘን በፀሐይ ረዥም ሰዓት ቆምን፤ አንዲት ልጅም ራሷን ስታ ወደቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «የበጎ አድራጎት ድርጅት» የሚል ቃል ስሰማ ፊቴን አዞር ነበር።

ሐሳቤን ያሻሻለው የአንድ የስሪ ላንካ ሻይ ኩባንያ ታሪክ ነው። ሜሪል ፈርናንዶ የተባሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1930 ተወልደው ለንደን ሄደው የሻይ ቀማሽነትን ሙያ ተማሩ። በዚያም የአገራቸው ሻይ በጆንያ ወጥቶ፣ በውጭ አገር ከሌላ ሻይ ተደባልቆና ታሽጎ በሰው ስም ሲሸጥ አዩ። ብዙ ዓመት ከደከሙ በኋላ በ1985 ዲልማ የተባለውን ሻይ ለገበያ አወጡ። ስሙን ያወጡት ከሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ከዲልሃንና ከማሊክ ስም ቀንሰው ነው። ሻዩ በበቀለበት አገር እንዲታሸግ አደረጉ። ኩባንያው እንደሚገልጸው ግብር ሳይከፈል ካለው ትርፍ ቢያንስ 15 ከመቶው በስማቸው ለተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል፤ በ2007 ደግሞ የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍል አቋቁመዋል። እርሳቸው በ2023 ቢያርፉም ሥራው በልጆቻቸው እጅ ነው። እኔን ያስደነቀኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም። በየዓመቱ ስንት እንደሚሰጥ አስቀድሞ የተነገረ ስለ ሆነ ሰጪው ደስ ሲለው ብቻ የሚያደርገው ነገር አለመሆኑ ነው።

ሆኖም በዚህ ብቻ አልረካሁም። በዚያች አገር ተራሮች ላይ ቅጠሉን የሚለቅሙት ሴቶች አብዛኞቹ በእንግሊዞች ዘመን ከደቡብ ህንድ የመጡ ሠራተኞች ዘሮች ናቸው፤ የቀን ደመወዛቸውም ነገር ብዙ ዓመት ያከራከረ ነው። ስለዚህ ትርፉ ከየት ተገኘ ብሎ መጠየቅ ከስጦታው ይቀድማል ብዬ አምናለሁ።

በእኛም አገር ሻይ በከፋ ውሽውሽና በኢሉባቦር ጉመሮ ይበቅላል። የተለቀመው ለምለም ቅጠል ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ አየር አግኝቶ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም በሙቀት ይደርቃል። 1 ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከ4 ኪሎ በላይ ለምለም ቅጠል ያስፈልጋል። ያ ሙቀት በብዙ የሻይ አገሮች የሚገኘው ከእንጨት ነው። እንግዲህ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሁለት ጊዜ እሳት ያየ ነው፤ አንድ ጊዜ በፋብሪካ፣ አንድ ጊዜ በእናቴ ምድጃ። የከፋ ደን ደግሞ የጫካ ቡና መገኛ በመሆኑ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የተፈጥሮ ሀብት ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የሚሠራ የሻይ ኩባንያ ለሚያነደው እንጨት ምትኩን ቢተክል ከማንኛውም ደብተር የሚበልጥ ስጦታ ሰጠ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ለእማማ አጫወትኋቸው። ሻያቸውን ፉት እያሉ ሰሙኝና «ለመሆኑ እነዚያ ሴቶች ቅጠሉን የሚሸከሙት በጀርባቸው ነው ወይስ በራሳቸው?» አሉኝ። ቅርጫቱን በጀርባቸው አድርገው ማሰሪያውን በግንባራቸው እንደሚያጠልቁ በሥዕል ያየሁትን ነገርኋቸው። ግንባራቸውን ዳሰስ አደረጉና «እርሱስ አንገት ይጎዳል» አሉ።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ለቤተ መጻሕፍታችን መጻሕፍት ለሰጠን አንድ የንግድ ድርጅት የምስጋና ደብዳቤ ጽፈናል። ከምስጋናው በታች ሁለት ጥያቄ አስገብተናል፤ በየዓመቱ ከትርፋችሁ ስንቱን ለመስጠት ወስናችኋል? ዕቃችሁን የሚሸከሙት ሰዎችስ ስንት ይከፈላቸዋል? ርእሰ መምህራችን ጥቂት ካመነቱ በኋላ ማኅተም አድርገውበታል። መልሱ ሲመጣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፈዋለን።